ወልደ ዮሐንስን ማን ይጫወት?

ስለ ክፉ ሰዎች ልናወጋችሁ ነው። አትደንግጡ፣ የምታውቁትን ሰው ስም አንጠራም። የምናወራው ክፉ ሰው ሆኖ ስለመጫወት ነው፤ ያውም ጠረጴዛ ከብቦ፣ ቡና እየጠጡ፣ እርሳስና ወረቀት ይዞ። (እሺ፣ ጠረጴዛው ረከቦት ነበር።)

«እኛ» ስንል ደግሞ ራሳችንን ማክበራችን አይደለም። አምስት ነን፦ አንድ የሂሳብ መምህር፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ የባጃጅ ሾፌር፣ አንዲት ባለ ሱቅ፣ እና ጋዜጠኝነት ተመርቀን ጋዜጣ ያጣነው እኛ። ስለዚህ «እኛ» አንዳንዴ አምስታችን ነን፣ አንዳንዴ ደግሞ ብቻችንን ነን። የቱ እንደሆነ ከአገባቡ ትለዩታላችሁ።

ቦታው እንፍራንዝ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ አዲስ ዘመንን አልፋችሁ፣ ማክሰኝት ሳትደርሱ በመስኮት አይታችሁ የምታልፏት ከተማ። ኮረብታው ላይ የጉዛራ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አለ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ሠርጸ ድንግል ያሠሩት ነው ይባላል። እዚያ ወጥታችሁ ብትቆሙ ጣና ከሩቅ ይታያል። ይህን የምንላችሁ አስጎብኚ ሆነን ሳይሆን ጨዋታችን ከዚሁ መሬት ስለበቀለ ነው።

ጊዜው 2016 ዓ.ም. ነው። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ውጊያው ሲጀመር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ለወራት ስልካችን ባትሪ መብራትና ካልኩሌተር ሆኖ ቀረ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሰው ሁሉ በሩን ይዘጋል። የቀረችን እሑድ ከምሳ በኋላ ያለችው ሰዓት ናት። በነርሷ እናት ቤት እየተሰበሰብን እሷን ሰዓት የምንገድልበት መላ ስንፈልግ፣ መምህሩ ከባሕር ዳር አንድ ፍላሽ ዲስክ ይዞ መጣ።

ዘንዶ የሌለበት ጨዋታ

ፍላሹ ውስጥ የነበረው የ«ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» መሠረታዊ ሕግ ነው። አሳታሚው በነፃ የለቀቀው። ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ያሳተሙት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። እንደ ዳማ ወይም እንደ ሉዶ አይደለም፤ አሸናፊ የሚባል ነገር የለውም። አንዱ ተራኪ ይሆናል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። ተራኪው «ወንዙ ሞልቷል፣ ከኋላ ፈረሰኞች እየመጡ ነው፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እናንተ የምታደርጉትን ትናገራላችሁ። ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ከሆነ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይጣላል። እኛ ዳይሱ ስለሌለን ከ1 እስከ 20 ቁጥር ጽፈን፣ ወረቀቶቹን ጠቅልለን ሲኒ ውስጥ ከተትናቸው። ትልቅ ቁጥር ያወጣ ይሳካለታል። ሃያ ያወጣማ ዕልል ይባልለታል።

ዘንዶውን ለአሜሪካኖቹ ትተንላቸው መምህሩ የራሳችንን ታሪክ አመጣ፦ የዘርዐ ያዕቆብን።

ለማታውቁት በአጭሩ። «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» የ17ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱም ሰው ሕይወቱንና ፍልስፍናውን የተረከበት የግዕዝ መጽሐፍ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክ እምነትን የተቀበሉበት፣ አገር በሃይማኖት የተከፈለበት ዘመን ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ሲያስተምር ፈረንጆቹ እንዲህ ይላሉ፣ ግብጾቹ ደግሞ እንዲህ ይላሉ ይላል እንጂ ይኼኛው ጥሩ፣ ያኛው መጥፎ አይልም። በዚህም ሁለቱም ወገን ጠላው። (የጋዜጠኝነት መምህሮቻችን «ሚዛናዊነት» የሚሉት ይህ ነው። ውጤቱንም አያችሁ።) በመጨረሻ ወልደ ዮሐንስ የሚባል የንጉሡ ወዳጅ የሆነ የአክሱም ቄስ፣ ሕዝቡን በንጉሡ ላይ ያነሣሣል ብሎ ከሰሰው። ዘርዐ ያዕቆብ ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ ሁለት ዓመት ዋሻ ውስጥ ኖረ። ከዋሻው ወጥቶስ የት ገባ? እንፍራንዝ! ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ቤት ተጠግቶ፣ መጽሐፍ እየጻፈ፣ ልጆች እያስተማረ፣ አግብቶ እዚሁ አረጀ።

ሐተታውን የጻፈው ዘርዐ ያዕቆብ ሳይሆን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአገራችን የነበረው ኢጣሊያዊ መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ይህን እ.ኤ.አ. በ1920 ጽፏል። ክላውድ ሰምነር ደግሞ የለም፣ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ተሟግተዋል። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፦ መነኩሴው ጽፎት ከሆነ፣ የሌላ ሰው ገጸ ባሕርይ በመጫወት እስከ ዛሬ የሚስተካከለው አልመጣም።

የመምህሩ ጨዋታ እንግዲህ ይህ ነው። አራት መንገደኞች የሚሸሸውን መምህር ከአክሱም አውጥተው እንፍራንዝ ያደርሱታል። (ዋሻውን ዘለልነው፤ ሁለት ዓመት ቁጭ ማለት ለጨዋታ አይመችም።) ከአራቱ አንዱ ግን ወልደ ዮሐንስ ነው። ይህን ተጫዋቾቹ ሁላችንም እናውቃለን፤ ገጸ ባሕርያቱ አያውቁም። የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ወልደ ዮሐንስን ማን ይጫወት?

የመጀመሪያው ክፉ

ከመካከላችን አንዱ እጁን አወጣ። (ባጃጁን ዛሬም ስለምንሳፈር ሙያውን አንናገርም።) በመጀመሪያው ሌሊት የባልንጀሮቹን በቅሎ ሰረቀ። በማግስቱ ጠዋት ስንቁ ውስጥ መርዝ ጨመረ። እኩለ ቀን ላይ ባለ ሱቋን ገደል ሊገፋት ሲል ሲኒው 2 አወጣለትና ራሱ ገደል ገባ። ጨዋታው አርባ ደቂቃ አልሞላም። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ሲጠየቅ «ክፉ ሁን አላችሁኝ፣ ሆንኩ!» አለ።

መልሱ የሱ ብቻ አይደለም። ይህን ጨዋታ በሚጫወት አገር ሁሉ የተለመደ ሰበብ ነው። «ገጸ ባሕርዬ እንዲህ ነው፣ ምን ላድርግ?» ይላል፤ የሰውን እሑድ አበላሽቶ። ገጸ ባሕርዩን የመረጠው ራሱ መሆኑን ይረሳል። ክፉ ሰው እኮ አብሮት የሚበላ፣ አብሮት የሚሄድ ሰው ያስፈልገዋል። በየደረሰበት ሁሉንም የሚነክስ ከሆነ ክፉ ሳይሆን እብድ ውሻ ነው። እብድ ውሻን ደግሞ ማንም መንገድ ላይ አያስከትልም።

እስቲ ያየናቸውን ክፉዎች አስታውሱ። «ሰው ለሰው» ድራማ ላይ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ አገር ምድሩን ያስቆጣው እየጮኸ ነው እንዴ? የሼክስፒር ኢያጎስ? (ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን ወደ አማርኛ መልሶልን በስም የምናውቀው ነው።) ኢያጎን ተውኔቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሐቀኛ እያለ ነው የሚጠራው። የሚፈራው ክፉ የታመነው ነው።

ነርሷ

በሁለተኛው እሑድ ወልደ ዮሐንስን ነርሷ ወሰደችው። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ጠየቀች። የመጀመሪያው «ምን ይፈልጋል?» የሚል ነው። መምህሩ «ክፉ ነው» ሲላት «እሱን ሰማሁ፤ የሚፈልገው ምንድን ነው?» አለችው። ተመካከርን። ወልደ ዮሐንስ ሰላም ይፈልጋል አልን። አገሩ እየታመሰ ነው፣ እሱ ደግሞ ጸጥ ያለ ደብርና የንጉሥ ፊት ይፈልጋል። ይህን የሚፈልግ ሰው በየመንደራችን ስንት አለ? ክፋቱ ከፍላጎቱ አይመጣም። ለፍላጎቱ ሲል ማንን አሳልፎ ሊሰጥ እንደተዘጋጀ ስትጠይቁ ነው ክፋቱ የሚታየው።

ሁለተኛው «የማንነካው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ውጭ አገር የሚጫወቱ ሰዎች መሀል ላይ ካርድ ያስቀምጣሉ። ጨዋታው የከበደው ሰው ካርዱን ሲነካ ያ ትዕይንት ይዘለላል፣ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። እኛ ካርዱን በረከቦቱ ተካነው። እጁን ረከቦቱ ላይ ያሳረፈ ሰው ምክንያት አይጠየቅም። ከዚህ ሌላ ሕፃን ልጅ ላይ ግፍ አይፈጸምም፣ ሴት አትደፈርም፣ የማንም ብሔርና ሃይማኖት አይሰደብም፣ በሕይወት ያለ ሰው ስም አይጠራም ብለን ተስማማን። ክፉ የሚጫወት ሰው እንዲህ ያለ አጥር ከሌለው ራሱም ይፈራል፣ ሌላውንም ያስፈራል። አጥሩ ሲኖር ነው ደፍሮ የሚጫወተው።

ከዚያ በኋላ ለሦስት እሑዶች ወልደ ዮሐንስ ከሁላችንም የተሻለ ባልንጀራ ሆነ! የባለ ሱቋን ቁስል አጠበ። ተከዜን ስንሻገር ዲያቆኑን (ማለትም እኛን) በትከሻው ተሸከመ። ሽፍቶች ሲያስቆሙን ተደራድሮ አሳለፈን። ለምን ቢባል፣ የሚሸሸው ሰው በሕይወት ካልደረሰ ለንጉሡ ምን ይዞ ይቀርባል? ነርሷ ክፋቷን ሁሉ ወደፊት አሻግራ አስቀመጠችው። እኛ ደግሞ ማንነቱን እያወቅን ወደድነው። ባለ ሱቋ አንድ ቀን «እባክሽ አትክጂን» ብላ ለመነቻት። ነርሷ ሳቀች።

ጨዋታው ገጸ ባሕርያትን የሚመድብበት ዘጠኝ ሣጥን ያለው ሰንጠረዥ አለው። በአንድ በኩል ደግና ክፉ፣ በሌላ በኩል ሕግ አክባሪና ሕግ አፍራሽ፣ መሀላቸው ላይ መሀል ሰፋሪው። በቅሎ ሰራቂው ሕግ አፍራሽ ክፉ ነበር፤ ሁላችንም ስቀንበታል። ወልደ ዮሐንስ ግን ሕግ አክባሪ ክፉ ነው። አይሰርቅም፣ አይሳደብም፣ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ያከብራል።

ደብዳቤው

በአምስተኛው እሑድ ጣና ከሩቅ ታየን። እንፍራንዝ ልንገባ ግማሽ ቀን ቀርቶናል። ተራኪው «ምን ታደርጋላችሁ?» አለ። ሁላችንም ድንኳን ተከልን፣ እሳት አነደድን። ነርሷ «ወረቀት ስጡኝ» አለች። ለገጸ ባሕርዩ ሳይሆን ለራሷ። እርሳሷን ይዛ ጥግ ላይ ተቀምጣ አሥር ደቂቃ ያህል ጻፈች። ስትጨርስ «ጣቴን ቀለም ነካው» ብላ ደብዳቤውን አነበበችልን።

ይህ ሰው እሑድ ቀን አርባ ሰው ሰብስቦ አስተምሯል ይላል። እውነት ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት አስተምሯል፣ እኛው ነን የቆጠርናቸው። ግብጾች እንዲህ ይላሉ ብሎ ተናግሯል ይላል። እውነት ነው፤ ፈረንጆቹም እንዲህ ይላሉ ብሎ ነበር፣ እሱ ግን ደብዳቤው ውስጥ የለም። የንጉሡ ሃይማኖት ትክክል ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ዝም ብሏል ይላል። እውነት ነው። ከሰሚዎቹ ሁለቱ ጦር ይዘው ነበር ይላል። ይህም እውነት ነው፤ እረኞች ነበሩ። ይህን የምጽፈው ለአገር ሰላም አስቤ ነው ብሎ ይዘጋል። ከዚያ ፊርማ።

ንጉሡን ሊገድል ነው የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። እሱን ንጉሡ ራሱ አንብቦ እንዲደርስበት ነው የተተወለት።

እኛ ጋዜጠኝነት የተማርነው ሰዎች ወረቀቱን ተቀብለን ሁለት ጊዜ አነበብነው። ማን? አለ። ምን? አለ። መቼ፣ የት፣ ስንት ሰው? ሁሉም አለ። አንድም ቅጽል የለበትም፣ አንድም ስድብ የለበትም። በዜና አጻጻፍ ክፍል ብናስረክበው ጥሩ ውጤት ያመጣል።

ቤቱ ጸጥ አለ። የነርሷ እናት ጀበናውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ልጆቼ፣ ይኼን ማን ነው የጻፈው?» አሉ።

«ጨዋታ ነው እኮ፣ እማ» አለች ነርሷ።

«ጨዋታ መሆኑንስ ሰማሁ። አጻጻፉን ስለማውቀው ነው። በደርግ ጊዜ የአባትሽን ወንድም ያስወሰደው እንዲህ ያለ ወረቀት ነው። አንድ ውሸት አልነበረበትም።»

ቡናውን ቀድተው፣ ዳቦውን ቆርሰው ወደ ጓዳ ተመለሱ። የባጃጅ ሾፌሩ እጁን ረከቦቱ ላይ አሳረፈ።

ለምን እንደሆነ አልጠየቅነውም። ሕጉ እሱ ነው። ወረቀቶቹን ሰብስበን ሲኒ ውስጥ ከተትን፣ ቡናችንን ጠጣን፣ ሳይመሽ ወደየቤታችን ሄድን። ያን ሰሞን ማን ጠቆመ፣ ማን ተጠቆመ፣ ማን ተወሰደ የሚል ወሬ የማይሰማበት ቤት አልነበረም። ከዚህ በላይ ማብራራት ያለብን አይመስለንም።

ስለ ሰይጣን

መሀል ላይ አንድ ነገር እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ይህ ጨዋታ ልጆችን ሰይጣን ያስመልካል ተብሎ ብዙ ተጮኾበታል። ወላጆች ማኅበር አቋቁመው ዘመቱበት። እኛም ሰፈር «ልጆቹ ጥንቆላ ጀመሩ» ያሉ አልጠፉም። (ሲኒ ውስጥ ወረቀት መጨመራችን አላገዘንም።)

ጥያቄው ግን የሚናቅ አይደለም። ክፉን መልመድ ክፉ ያደርጋል ወይ? ነርሷን ጠየቅናት። የሰጠችን መልስ ሰይጣንን የሚመለከት አልነበረም። «የሚገርማችሁ አለመክበዱ ነው» አለች። «ስጽፍ ክፉ ነገር እየሠራሁ እንደሆነ አልተሰማኝም። ሥራ እየሠራሁ ነበር የመሰለኝ።»

ይህን ከሌላ ከየት ነበር የምንሰማው? እውነተኛው ወልደ ዮሐንስ ቢጠየቅ አይነግረንም። ለአገር ሰላም አስቤ ነው ይለናል። እሷ ግን ገብታበት ስለወጣች ውስጡ ምን እንደሚመስል ልትነግረን ቻለች። ዘርዐ ያዕቆብም እዚሁ እንፍራንዝ ቁጭ ብሎ የጻፈው አንዱ ነገር፣ ሰው ደግም ክፉም ለመሆን በገዛ ፈቃዱ እንደተተወ ነው። እኛ የጨመርነው ነገር ቢኖር፣ ሰውየው ምርጫውን ሲመርጥ ብዙ ጊዜ ምርጫ መሆኑ እንደማይታወቀው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር የቱ ይግባ፣ የቱ ይውጣ ብሎ ብቻ ያስባል።

ቀለሙ

በቀጣዩ እሑድ መንገድ ስለተዘጋ አልተገናኘንም። ከዚያ በኋላ በነበረው ግን ከሁላችን ቀድሞ የመጣው የባጃጅ ሾፌሩ ነው። «ቀጥሉ» አለ። «እኔ ነኝ የምይዘው።»

እሱ አሁን የሚጫወተው በቅሎ ነጂ ነው። (አዎ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ በቅሎዎቹን ለእሱ አደራ ሰጠነው።) ጠዋት ስንቅ ሲያድል የቄሱን እጅ አያለሁ አለ። መምህሩ ሲኒውን አቀረበለት። ያወጣው 4 ነው። 4 ምንም አያሳይም። በሕጉ መሠረት አላየም፣ ደብዳቤውም ይሄዳል፣ ፈረሰኞቹም ይመጣሉ።

ነርሷ ቀና አለች። «ቀለሙን አላጠብኩትም» አለች።

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ መምህሩ «እንግዲያውስ አይተሃል» አለው።

ክፉ ሆኖ በመጫወት የተዋጣለት ማን ነው ብትሉን የምንነግራችሁ ይህን ነው። ነርሷ ልታሸንፍ ትችል ነበር፤ ዕጣው ለእሷ ወጥቷል። ግን ገና ደብዳቤውን ስትጽፍ መያዣዋን ራሷ አስቀምጣ ነበር። ክፉን አሳምሮ የሚጫወት ሰው ሌሎቹ የሚገቡበትን በር ክፍት ይተዋል። የወልደ ዮሐንስ ዓላማ ማምለጥ ነው። የእሷ ዓላማ ግን አምስታችንም ያችን እሑድ በደንብ እንድንጫወት ነው። ሁለቱን ያላምታታ ሰው ምንም ያህል ክፉ ቢሆን ከጨዋታው ሲነሣ እጁ ንጹሕ ነው።

ወልደ ዮሐንስ ተያዘ። ምን ይደረግ በሚለው ላይ አንድ ሰዓት ተከራከርን። ባለ ሱቋ ገደል አስታወሰች። ዲያቆኑ ምሕረት አለ። የፈረደው በቅሎ ነጂው ነው፦ «ቁጭ ብሎ እንደገና ይጻፍ። የተወውን ሁሉ ጨምሮ።»

ነርሷ ጻፈች፣ በዚያው እርሳስ። ፈረንጆቹም እንዲህ ይላሉ ማለቱ ገባ። ዝም ያለው የጠየቀው ሰው ሰይፍ ይዞ ስለነበር መሆኑ ገባ። ጦር የያዙት እረኞች መሆናቸው፣ ከብቶቻቸው ከኋላ ይታዩ እንደነበር ገባ። አርባው ሰው ትምህርቱ ሲያልቅ ተነሥቶ ወደየቤቱ እንደሄደ ገባ። ሁለተኛው ደብዳቤ የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ሆነ። ንጉሡን የሚያስቆጣም ነገር አልተገኘበትም።

ሁለቱን ወረቀቶች መምህሩ ደብተሩ ውስጥ አስቀምጧቸዋል። እኛም ዛሬ ስንጽፍ፣ ይህን የምታነቡትን ጨምሮ፣ ከማስረከባችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን፦ ይህ የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው ወይስ ሁለተኛው? ከሙያ ትምህርታችን ሁሉ ይህ ጥያቄ ነው በየቀኑ የሚያገለግለን።

ኢንተርኔቱ ተመልሷል፤ ቡድኑ ግን አልተበተነም። መምህሩ አዲስ ታሪክ እያዘጋጀ ነው። ነርሷ በዚህኛው በቃኝ፣ ደግ ልሁን ብላለች። ስለዚህ ክፉ የሚጫወት ሰው እንፈልጋለን። ደግ ሰው ቢሆን ይመረጣል።